«ትክክል ነበረች»

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1992፣ ኒውዮርክ፣ የቦብ ዲላን የ30 ዓመት የሙዚቃ ሕይወት የሚከበርበት ኮንሰርት። አየርላንዳዊቷ ሺኔድ ኦኮነር መድረክ ላይ ስትወጣ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ጥፋቷ? ከሁለት ሳምንት በፊት በቀጥታ የቴሌቪዥን ስርጭት የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊን ፎቶ ቀዳለች፤ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን ጥቃት ለመቃወም።

እኔን የሚከነክነኝ ተመልካቹ ነው። በተቃውሞ ዘፈን ስሙን የተከለ ሰው ሊያከብር የመጣ ሕዝብ እኮ ነው! ተቃውሞ የሚጥመን ካረጀ፣ ማንንም ማስቆጣት ካቆመ በኋላ ነው እንዴ?

ሺኔድ ያዘጋጀችውን የዲላን ዘፈን ትታ፣ ባንዱን አስቁማ፣ የቦብ ማርሊን «ዋር» ያለ መሣሪያ ጮኸችው። የግጥሙ መነሻ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ያደረጉት ንግግር ነው። (ንጉሡ አገር ቤት ተቃውሞን እንዴት ይዘውት ነበር የሚለው ሌላ ወሬ ነው።)

ዓመታት አልፈው ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ይቅርታ ስትጠይቅ ብዙ ሰው «ትክክል ነበረች» አለ። ጉዱ ከወጣ በኋላማ ማንም ይላል፤ ምንም አያስከፍልም። ያን ምሽት ግን ክሪስ ክሪስቶፈርሰን ከመድረክ እንዲያወርዳት ተነግሮት ነበር። ወጣ፤ አላወረዳትም። ጆሮዋ ሥር አይዞሽ አላት። ማስረጃ በእጁ የነበረው አይመስለኝም። ዘፍና ስትወርድም አቀፋት።