የደብር ማንነትና የመለያ ቁጥር

የአንድ ደብር ማንነት የሚጸናው በቆመበት ምድር ነው፣ በሕንጻው ወይስ በታቦቱ? የብራና መጻሕፍትንና የአድባራትን መዝገብ በመረጃ ቋት የሚያደራጅ ባለሙያ ለየቦታውና ለየተቋሙ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ስም ቢለወጥም የማይለወጥ መጠሪያ፣ መስጠት ሲጀምር ይህን የሥነ መለኮት ጥያቄ ሳይመልስ ማለፍ አይችልም።

ስም ብቻውን አይበቃም። ደብረ ታቦር ሲባል የገሊላው ተራራም፣ ነሐሴ 13 የሚከበረው በዓልም፣ ከጉና ተራራ አጠገብ ያለችው ከተማም ይጠሩበታል። የአስተዳደር ኮድም አያስተማምንም፤ ከተማዋ ቀድሞ በበጌምድር፣ ዛሬ በአማራ ክልል በደቡብ ጎንደር ዞን ሥር ስለምትገኝ፣ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለክልሉ የሰጠው «ኢቲ-ኤኤም» የተሰኘው ኮድ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ደብረ ታቦር የሚለው ነገር የለም። የበላዩን መዋቅር የተሸከመ ኮድ መዋቅሩ ሲፈርስ ትርጉም ያጣልና ምንም የማይናገር ደረቅ ቁጥር ይመረጣል።

በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎች ፕሮጀክት ቦታንና ተቋምን ለየብቻ ይመዘግባል፤ ይህም ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋር ይስማማል። በከተራ ታቦቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ወርዶ በድንኳን ሲያድር ቅዳሴው እዚያው ይቀደሳል፤ ግቢው ግን በዚያች ሌሊት መካነ መቃብርነቱንም ክብሩንም አያጣም። ስለዚህ አንድ ደብር ከምድሩ ጋር የሚቀርና ከታቦቱ ጋር የሚሄድ ሁለት መለያ ያሻዋል። በደባልነት የኖረ ታቦት በኋላ የራሱ ሕንጻ ሲታነጽለት ተቋሙ አዲስ ነው ወይስ ነባር የሚለው ማከራከሩ አይቀርም፤ ነባር ነው ማለቱ ግን ከምእመናኑ አነጋገር ጋር ይቀራረባል።

ቦታንና ባለቤትን የመለየቱ ጉዳይ ከደብራቸው የተወሰዱ ንብረቶችን ሲመዘግቡም ይነሣል። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 ከጎንደር አድባራት ያስወሰዷቸው መጻሕፍት ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ መቅደላ ተጓዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ብዙዎቹን ዘርፎ ወሰደ። በብሪቲሽ ሙዚየም የተሰጣቸው የመደርደሪያ ቁጥር፣ ስብስቡ እ.ኤ.አ. በ1973 ለብሪቲሽ ላይብረሪ ሲተላለፍ አልተለወጠም፤ በዚህ ረገድ ቁጥሩ ከተቋሙ ይልቅ ጸንቷል። ብራናው የማን እንደነበረ ግን አይናገርም፤ ያን የሚናገረው በአንዳንዶቹ ጠርዝ ላይ የተጻፈው የጎንደር ደብር ስም ነው። ሙዚየሙ ውስጥ ማንም እንዳያያቸው ተከልለው የሚቀመጡት 11 ጽላትም የንብረት ቁጥር አላቸው። ከእነዚህ መካከል ከመቅደላ በመጡት ላይ «ባለቤት ተቋም» በሚለው ሣጥን መቅደላን መሙላት ይቀናል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ንዋያተ ቅድሳቱን ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም አስበው ሊሆን ቢችልም፣ መቅደላ መመዝገብ ያለበት በተወሰዱበት ቦታነት ነው፤ የባለቤቱ ሣጥን የእያንዳንዱ ጽላት ደብር እስኪታወቅ ድረስ ባዶ ቢቆይ ይሻላል።