መጀመሪያ ወሩን፣ ቀጥሎ ጨረቃዋን

ልጆቼ፣ ባሕር ዳርቻ ወርዶ ማረፍ ካማራችሁ ገንዘባችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት ወራቱን ቁጠሩ። የማውቀውን የኬንያን ጠረፍ ልንገራችሁ። ቅርብ ነው፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለ ቪዛ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ ሞምባሳ ድረስም በቀጥታ ይበረራል። ከሞምባሳ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ዲያኒ አለ፣ በስተሰሜን ደግሞ ዋታሙ። ነጭ አሸዋውና ሞቃት ውኃው የአውሮፓን ሰው ያን ሁሉ መንገድ የሚያስመጣ ነው። ድሎቱ ውድ ወይም ርካሽ የሚሆንባችሁ ግን በምትመርጡት ሳምንት ነው።

የእኛን በዓላት በዚያ አገር ሰማይ መዝኗቸው። ፋሲካ ብዙውን ጊዜ በሚያዝያ ይውላል። እዚያ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናብ ይወርዳል፣ ባሕሩ ይደፈርሳል፣ የጀልባ ጉዞውም ይቀዘቅዛል። የአልጋው ዋጋ ወርዶ ብታዩ አትቸኩሉ። የፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት ሲሆን ደግሞ አውሮፓዊውም የናይሮቢ ቤተሰብም ባንድ ጊዜ ስለሚወርድ ክፍል የዓመቱን ከፍተኛ ዋጋ ያወጣል። የእኛ ገና ግን ታኅሣሥ 29 ነው። ያ ሁሉ ሰው ወደ ሥራው መመለሻው ነው፤ ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የሚነፍስበት ደረቅ ወቅትም ነው፤ ቀደም ባለው ሳምንት በእጥፍ ሊጠየቅበት የሚችለው ያው ክፍል በቀነሰ ዋጋ ይገኛል። ሌላው መልካም ጊዜ ከመስቀል በኋላ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ነው። ከደቡብ የሚመጣው የኩሲ ነፋስ ይላላል፣ የኅዳሩ አጭር ዝናብም ገና አልደረሰም። እኔን ብትጠይቁኝ ይህን እመርጣለሁ፤ የጥር ሙቀት ለደጋ ሰው ይከብዳል። ተማሪ ልጆች ያሏችሁ ግን ገናን ያዙ።

ወሩን ከቆረጣችሁ ጨረቃዋን እዩ። ይህን የጉዞ ወኪሎች እምብዛም አያነሱትም። የሕንድ ውቅያኖስ በዚያ ጠረፍ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሦስት ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ውኃው ሲጎድል እስከ ኮራል አለቱ ድረስ ይሸሻል፣ ለመዋኘት የሄደ ሰውም ከጉልበቱ በታች በሆነ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። በአለቱ ላይ የሚቀሩትን ኩሬዎችና በውስጣቸው ያሉትን ፍጥረታት ለማየት ግን ከዚህ የተሻለ ቀን የለም፤ እሾሃም የባሕር እንስሳት ስላሉ በባዶ እግር አትሂዱ። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ ይጠባል፤ መዋኘት ዋና ሐሳባችሁ ከሆነ ያን ሳምንት ምረጡ። የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ ማረፊያችሁን ጠይቃችሁ ውሏችሁን በዚያ አስተካክሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ምግብና መጠጥ ሁሉ የተጠቃለለበት የሆቴል ክፍያ ለብዙዎቻችሁ አይጠቅምም፤ ለማትበሉትና ለማትጠጡት ትከፍላላችሁ። ይልቅ ስድስት ወይም ስምንት ሆናችሁ ቤት ተከራዩ። ዲያኒ ውስጥ ከነምግብ አብሳዩ የሚከራይ ቤት ብዙ ነው። ዓሣ አጥማጆች የያዙትን ይዘው እስከ በር ይመጣሉ፣ እናንተ መርጣችሁ ትገዛላችሁ፣ አብሳዩ በኮኮናት ወተት ይሠራዋል። ይህ ለእኔ ከየትኛውም ትልቅ ሆቴል የሚበልጥ ድሎት ነው። ከገና በፊት በጾሙ ብትሄዱም የምትበሉት አታጡም፤ የጠረፉ ሰው ቁርስ ማሃምሪ የሚባለው ጥብስ ሊጥ በምባዚ ነው፣ ምባዚ በኮኮናት ወተት የበሰለ የአተር ዓይነት ነው። ሐላል ለምትፈልጉም በጠረፉ ብዙ ሙስሊም ስለሚኖር አትቸገሩም። ገንዘቡን ከጓደኞቻችሁ ጋር በየወሩ እንደ ዕቁብ አዋጡ፤ በብድር ግን አትሂዱ፣ አደራ። ካጠራቀማችሁት ላይ ለአንድ ነገር ብቻ እጃችሁን ዘርጉ፤ ከሺሞኒ በሸራ ጀልባ ተነስታችሁ የኪሲቴን የባሕር ፓርክ እዩ። ዶልፊን ብዙ ጊዜ ይታያል፣ ምሳውም በዋሲኒ ደሴት ላይ ነው። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ጊዜ ያላችሁ ናይሮቢ ወርዳችሁ በ2017 እ.ኤ.አ. በተከፈተው ባቡር እስከ ሞምባሳ ተጓዙ። ጻቮን ሲያቋርጥ ዝሆን በመስኮት የሚታይበት ቀን አለ። ትኬቱን አስቀድማችሁ ቁረጡ፣ ቶሎ ያልቃል።

በጤና ጉዳይ ግን ጠበቅ ልበል። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ ካርዱን ከፓስፖርታችሁ አትለዩ። ተራው ወባም በጠረፉ አለ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው የመቋቋም አቅም ስለሌለው ሐኪም አማክራችሁ መከላከያውን ያዙ፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢይዛችሁ የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። የምድር ወገብ ፀሐይ ጥቁር ቆዳንም ያቃጥላል። ከሁሉ በላይ፣ ዋና የማታውቁ ልጆቼ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ጊዜ ከተማችሁ ባለ መዋኛ ገንዳ ተማሩ። እስክትለምዱም ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬቱን ሳታስሩ አትቀመጡ፤ ማንም ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

ከቻላችሁ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ባሕር አይተው የማያውቁ እናቶች በየቤታችሁ አሉ። ቀኑን ስትቆርጡ ማኅበርና ተዝካር እንዳይነካባቸው ጠይቋቸው፣ የግፊትና የስኳር መድኃኒታቸውን ለጉዞው ከሚበቃው በላይ ያዙ። ደረጃ የሌለው ምድር ቤት ክፍል ስጧቸው። ወጪውን እኅትና ወንድም ተካፈሉት፤ ዋጋውን በእነርሱ ፊት አታንሱ፣ ሳይሳቀቁ ይረፉ።