ማረፍና መቀመጥ

አማርኛ «አረፈ» የምትለዋን ቃል ሦስት ቦታ ያውላታል። ከድካሙ የተገላገለ ሰው አረፈ ይባላል። ነፍሱ የወጣችም አረፈ ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ደግሞ የአስተዳደግ ነው፤ ወዲያ ወዲህ የሚለውን ልጅ «አርፈህ ተቀመጥ!» እንለዋለን። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ መካከለኛው ነው። ማረፍንና መቀመጥን አንድ ላይ ስላሰርናቸው የማይቀመጥ ሰው የማያርፍ፣ የማያርፍም አደብ የሌለው መስሎ ይታየናል። ለመሆኑ ዕረፍት የሚገኘው ወንበር ላይ ብቻ ነው?

አየር ጤና የሚኖር የሒሳብ ሠራተኛ ወዳጅ አለኝ። ጠዋት ከአልጋ መውረድ ዳገት ይሆንበታል። ቢሮ ሲገባ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር ይርገፈገፋል፤ ስልክ ሲደወልለት ከመስኮቱ እስከ በሩ እየተመላለሰ ነው የሚያወራው። ቤት ቡና ሲፈላ አቦሉን ይጠጣል፤ ቶናው ሲቀዳ መቀመጫው ባዶ ነው። ሌሊት ሰው ሲተኛ እሱ ይነቃና ቁም ሣጥን ያስተካክላል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የተተበተበበት ሒሳብ ግን ከአየር ጤና እስከ ጦር ኃይሎች በእግሩ ሲሄድ ይፈታለታል። «ልቤ የሚቀመጠው ስሄድ ነው» አለኝ አንድ ቀን።

የወዳጄን ዓይነቱን ጠባይ ሐኪሞች ኤዲኤችዲ ይሉታል፤ ትኩረትን የመሰብሰብና ራስን የመግታት ችግር ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ክራይተን በ1798 እ.ኤ.አ. ስለማይረጋ ትኩረት ሲጽፍ፣ ነገሩ በዕድሜ እየቀነሰ እንደሚሄድ ገልጾ ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ግን ብዙዎችን እስከ ጉልምስና ይከተላቸዋል፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ። በልጅነቱ አጥር ላይ ይንጠላጠል የነበረው ሰው ካደገ በኋላ ይቀመጣል፤ ውስጡ ግን ተነስቶ ይሄዳል። የብዙዎቹ የእንቅልፍ ሰዓትም ወደ ሌሊቱ ይገፋል። የወዳጄን ጠዋት ስንፍና ያሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነበር።

እንቅስቃሴ የትኩረት ጠላት ነው የሚለው እምነታችን እዚህ ላይ ይፈተናል። ችግሩ ባለባቸው ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ አእምሮን የሚፈትን ሥራ ሲሰጣቸው ይበልጥ የተንቀሳቀሱት የተሻለ መልስ እንደሚሰጡ አሳይተዋል። አባቶቻችን ይህን ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። በቀራንዮ መድኃኔዓለም ማኅሌት ሲቆም ተመልከቱ፤ ሊቃውንቱ በመቋሚያ እየዘመሙ፣ በጸናጽል እያጀቡ ሌሊቱን ይዘልቁታል። ኮልፌ ውስጥ ቁርአን የሚቀሩ ልጆችም ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዘወዙ ነው አንቀጹን በልባቸው የሚይዙት። እዚያ «እረፉ!» የሚላቸው የለም፤ ውዝዋዜው ልብን ይሰበስባልና።

በሰሜን ኬንያ በአሪያል ከብት አርቢዎች ላይ ተደርጎ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነገሩን ያሰፋዋል። ከኤዲኤችዲ ጋር ግንኙነት አለው የሚባል አንድ የዘረመል ዓይነት ያላቸው ወንዶች፣ ከብት ተከትለው በሚዘዋወሩት ዘንድ ከጓደኞቻቸው የተሻለ የሰውነት አቋም ነበራቸው፤ አንድ ቦታ በሰፈሩት ዘንድ ግን ተቃራኒው ታየ። እንግዲህ ጉድለት የምንለው ነገር ከፊሉ ሰውየው ከተቀመጠበት ቦታ ጋር አለመስማማቱ ነው።

ይህን ስል መከራውን ማቃለሌ አይደለም። ወዳጄ የጀመረውን ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል። ባለቤቱ ስታዋየው ተነስቶ ሲሄድ የተናቀች መስሏት ስንት ጊዜ አልቅሳለች። ልብን የሚሰበስብ እንቅስቃሴ እንዳለ ሁሉ የሚበትንም አለ፤ ሁለቱን ለመለየት ሐኪምም፣ ታጋሽ ቤተሰብም ያስፈልጋል። ስንለያቸው ግን «ተቀምጧል ወይ?» ብለን ሳይሆን «ልቡ አርፏል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

አሁን ማታ ማታ የወዳጄ ባለቤት ነጠላዋን ደርባ አብራው ትወጣለች። ቤት ውስጥ ሲያጣላቸው የኖረውን ጉዳይ መንገድ ላይ ተነጋግረው ይጨርሱታል። ቶናው የሚቀዳው ከመንገድ መልስ ሆኗል።