ያልተዘረጋ ሐዲድ አምሳያ

የባቡር አምሳያ፣ ማለትም እውነተኛውን ባቡርና ሐዲዱን በተወሰነ ምጣኔ አሳንሶ የሚያሳይ የእጅ ሥራ፣ ከሚያስነሣቸው ጥያቄዎች ዋነኛው፣ ያልነበረን መስመር በአምሳያ ማቆም ሐሰት ነው ወይ የሚለው ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው 784 ኪሎ ሜትር መስመር በአዳማ ሲያልፍ አሰላን ስላልነካ፣ የአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ ሐዲድ ለማግኘት ቁልቁል መውረድ ነበረበት።

አንድ ሠሪ በአምሳያው ከአዳማ እስከ አሰላ፣ እስከ ጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ሐዲድ ቢዘረጋ፣ ምስልን ከእውነት በሦስተኛ ደረጃ የራቀ ያደረገው ፕላቶ የሚለካበት ዋና ነገር ያጣል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን ታቦት የሙሴን ጽላት አብነት ቢከተልም፣ በጳጳስ ቡራኬና በሜሮን ስለሚከብር፣ የመጀመሪያው አለመሆኑ ክብሩን አያጎድለውም (ንጽጽሩ አብነትን እንጂ ቅድስናን አይመለከትም)።

ደግሞም ታማኝ የሚባለው አምሳያ ራሱ ከልኩ ይወጣል፤ የአንድ ሜትር ስፋት ያለው የቀድሞው ሐዲድ በ1 ለ87 ምጣኔ 11.5 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን ሲገባው፣ የሚሠራበት የተለመደው ሐዲድ 12 ሚሊ ሜትር ነው። አውግስጢኖስ ውሸትን ከማታለል ሐሳብ ጋር ስላያያዘ፣ ምናባዊነቱ በግልጽ የተነገረ የአሰላ መስመር ከውሸት ነጻ ይመስላል። ይሁንና ከአዳማ እስከ አሰላ ያለውን ከ700 ሜትር የሚበልጥ አቀበት ለጠረጴዛው ምቾት ሲል ሜዳ ያደረገ ሠሪ፣ ስለ ባቡሩ ባይሆንም ስለ ደጋው ሐሰት ተናግሯል።