የማይፈስ ውሃ

 

በዒድ ማግስት ከደሴና ከአምባሰል ከመጡ ወጣቶች ጋር ሐይቅን ልንዘይር ወርደን ነበር። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁ ዳር ዐስርን ሰገድን፣ በላን፣ ጠጣን፣ ፎቶ ተነሳን። ልንሄድ ስንል አንድ ጀልባ ቀዛፊ አዛውንት የሰገድንበትን ሳር በእጃቸው እያሳዩ፣ «ልጆቼ፣ ይሄንን ለማን ትታችሁት ነው?» አሉን። የውሃ ላስቲክ፣ ፌስታል፣ የብስኩት ወረቀት። ኡስታዝ የምትሉኝ የእኔም ላስቲክ እዚያው ነበር። ወላሂ አፈርኩ። «አባቴ፣ አፉ ይበሉን» ብለን መልቀም ጀመርን።

አላህ በቁርኣኑ በምድር ላይ እንድንጓዝና እንድናስተውል አዞናል። እኛ ግን ተጉዘን ራሳችንን ፎቶ አንስተን ብቻ እንመለሳለን። እስኪ እናስተውል። የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ቦታ ነው። ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ተያይዞ በእግር ይደረስበታል። ውሃው እንኳ ቦታውን ይለቃል። እኛስ በዱንያ ላይ ስንት ቀን ነን?

ሐይቁ ወንዝ ይገባዋል እንጂ የሚወጣለት ወንዝ አይታይም። የጣልንበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በማይፈስ፣ በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በውሃ መቅጃ፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳትንም እርግማን ከሚያመጡ ነገሮች ቆጥረውታል። ልብ በሉ፦ ውሃው የማን ነው፣ ጥላው የሙስሊም ነው ወይስ የክርስቲያን የሚል ነገር የለበትም። ከሐይቁ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ከብት ይጠጣል። ጎረቤትን መጉዳት ደግሞ ሐራም ነው። በገዳሙ በር ስናልፍም ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ፣ የቤቱን ሥርዓት ማክበር የእኛው አዳብ ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ልባችንም እንደዚያ ሐይቅ ነው። ሌሊቱን በስልክ ያስገባነው ሐሜት፣ ስድብና ሐራም እይታ በራሱ ጊዜ ፈስሶ አይወጣም። በተውበትና በኢስቲግፋር ካልለቀምነው ሶላታችን ውስጥ ይንሳፈፋል።

ስለዚህ የዚህ ሳምንት ሥራችን ሁለት ይሁን። ለሽርሽር ስንወጣ ባዶ ፌስታል ይዘን እንሂድ፤ ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማንሳት ሰደቃ ነው። ዛሬ ከመግሪብ በፊት ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ስልካችንን ዘግተን ልባችንን እንፈትሽ።

ያ አላህ! ሐይቃችንን በረካ አድርግልን፣ ልባችንን አጥራልን፣ ለሀገራችን ሰላም ስጥልን። አሚን። በነቢዩ ላይ ሶለዋት አብዙ።