«የጥናቱ ጠቀሜታ» ለማን?

በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀርብ የመመረቂያ ጥናት ሁሉ ማለት ይቻላል በመጀመሪያው ምዕራፍ ውስጥ «የጥናቱ ጠቀሜታ» የሚል ንዑስ ርዕስ አለው። ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ጥናቱ ለፖሊሲ አውጪዎች ግብዓት እንደሚሆን፣ ለአካባቢው ኅብረተሰብ እንደሚጠቅም፣ ለቀጣይ ተመራማሪዎችም መነሻ እንደሚሆን ይገልጻል። ቃላቱ ከጥናት ጥናት እምብዛም አይለያዩም። የሚጻፉትም ብዙውን ጊዜ ርዕሱ ከጸደቀና መጠይቁ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ለመሆኑ ይህች ገጽ የያዘችው እውነት ነው? ወይስ ቅጽ ለማሟላት ብቻ የተጻፈች ናት?

በማስተማርና ተማሪዎችን በማማከር ባሳለፍኳቸው ዓመታት ከዚህች ገጽ በላይ የሚያሳስበኝ ገጽ አላገኘሁም። በመሠረቱ ይህ የትምህርት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባርም ጥያቄ ነው። ጥናት በነፃ አይሠራምና! የመምህሩ ደመወዝ፣ የቤተ ሙከራው ኬሚካል፣ የቤተ መጻሕፍቱ መብራት ከግብር ከፋዩ ኪስ የወጣ ነው። ከዚህም ሌላ በሂሳብ መዝገብ የማይሰፍር ወጪ አለ። ተማሪው መጠይቁን ይዞ ወደ ገጠር ሲወርድ ገበሬው እርሻውን አቁሞ ይመልስለታል። እናት ለእንግዳው ቡና አፍልታ ስለ ልጆቿ ሕመም፣ ስለ ጓዳዋ ጉድለት ሳትደብቅ ትነግረዋለች። «ለመሆኑ ይህ ለምን ይጠቅማል?» ብላ ስትጠይቀው ደግሞ «ለእናንተው ነው» ይላታል። እንግዲህ ቃል ገብቷል ማለት ነው። አማና ተቀብሏል። በጥራዙ ላይ «የጥናቱ ጠቀሜታ» ብሎ የጻፈው ነገር ለዚያች እናት የገባው ቃል ነው።

ታዲያ ርዕሱ የተመረጠው እንዴት ነበር? በብዙ ትምህርት ክፍሎች የተለመደው መንገድ የታወቀ ነው። ተማሪው የቀድሞ ተመራቂዎችን ጥራዞች ያገላብጣል፤ አንዱን ርዕስ ይወስዳል፤ የወረዳውን ስም ይለውጣል። «ተፅዕኖ ያላቸው ምክንያቶች» የሚለው ሐረግ ሳይነካ ያልፋል። ጥያቄውም፣ ስልቱም፣ ብዙ ጊዜ መልሱም ቀድሞ የታወቀ ነው። ያ ገበሬ እርሻውን ያቆመው አስቀድሞ የታወቀን ነገር ዳግመኛ ለማስቆጠር ነበር ማለት ነው። ይህ በግልጽ ሲነገር ይከብዳል፤ ይሁንና መነገር ይኖርበታል።

ጉዳዩ ለዘመናችን ብቻ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተሰኘው ሥራቸው ስለ ፈርዱ ኪፋያ አብራርተዋል። ፈርዱ ኪፋያ ከማኅበረሰቡ መካከል የተወሰኑ ሰዎች ከተወጡት ከሌላው ትከሻ የሚወርድ፣ ማንም ካልተወጣው ግን ሁሉም የሚጠየቅበት ግዴታ ነው። ኢማሙ ሕክምናን ከዚህ ይቆጥሩታል። በዘመናቸው በብዙ ከተሞች ከሙስሊሙ ወገን ሐኪም ሲጠፋ ተማሪው ግን ወደ ፊቅህ ክርክር ይጎርፍ እንደነበር ታዝበዋል። ፊቅህን መናቃቸው አይደለም፤ እርሳቸው ራሳቸው የታወቁ የፊቅህ ሊቅ ነበሩ። ያሳሰባቸው በአንዱ በር ላይ መጨናነቅ እያለ ሌላው በር ባዶ መሆኑ ነው። ምክንያቱንም አልሸሸጉም። በሕክምና የወቅፍ አስተዳዳሪነት አይገኝም፤ የየቲም ገንዘብ ጠባቂነት አይገኝም፤ ዳኝነትና ሹመት አይገኝም። ተማሪው የጎረፈው መተዳደሪያና ክብር ወዳለበት ነው።

የዛሬውን ተማሪ በዚህ ሚዛን መዝኖ መውቀስ ቀላል ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ተማሪያችን ማን እንደሆነ እናስታውስ። ብዙው ከቤተሰቡ የመጀመሪያው ተመራቂ ነው። እናቱ የሚመረቅበትን ቀን ትቆጥራለች። ታናናሾቹ ደብተርና ጫማ ከእርሱ ይጠብቃሉ። የወጪ መጋራት ዕዳም አለበት። እንዲህ ያለውን ወጣት «ስለ ራስህ አታስብ፣ ስለ ኅብረተሰቡ ብቻ አስብ» ማለት ለሚናገረው ሰው ይቀለዋል፤ ደመወዙ በየወሩ ይገባለታልና። ቤተሰብን መርዳት ራሱ ግዴታ አይደለምን? ስለዚህ ለእንጀራው ማሰቡ ነውር ሊባል አይገባም። ጥያቄው «ለራስ ወይስ ለኅብረተሰብ?» የሚል መሆን የለበትም። «ሁለቱን የሚያገናኝ ርዕስ ፈልጎ ማግኘት የማን ኃላፊነት ነው?» የሚል ነው መሆን ያለበት። የእኔ መልስ፣ ከተማሪው ይልቅ የአማካሪው ነው የሚል ነው። ተማሪው መንገዱን ገና እየጀመረ ነው። አማካሪው ግን የትኛው ጥያቄ ያለቀለት፣ የትኛው ገና ያልተነካ፣ የትኛው በስድስት ወር የማይገፋ እንደሆነ ያውቃል፤ ወይም ሊያውቅ ይገባዋል።

ሁለቱ ሊገናኙ እንደሚችሉ ከሀገራችን የተሻለ ምስክር አያስፈልግም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ብልሃርዝያ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ወረዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። የበሽታው ጥገኛ ተውሳክ የሚራባው በነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። እንዶድን ያላየ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ልብስ ሲታጠብበት ኖሯል። ነገር ግን ከወንዙ ዳር ቆሞ «እነዚህ ለምን ሞቱ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ያስፈልግ ነበር። ጥያቄው የተወለደው የሕዝቡ ሕመምና የሕዝቡ ዕውቀት በተገናኙበት ቦታ ነው። ሥራው ለዓለም አቀፍ ተቋማት ተቀባይነት ለማግኘት ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኝቶላቸዋል። ሕዝብን ሊጠቅም የተጀመረው ጥናት ባለሙያውን ከሥራው ዓለም አላራቀውም፤ ስሙን አስጠራው እንጂ።

ወደ ዕለት ተዕለቱ ሥራችን እንመለስ። አንድ ጊዜ ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመጣ የኬሚስትሪ ተማሪ የአዲስ አበባን ወንዞች ብክለት የሚመለከት ርዕስ ይዞ ቀረበ። በጉዳዩ ላይ ብዙ ተጽፏል። «ለምን መረጥከው?» አልኩት። «ማጣቀሻ እንደልብ ይገኛል፤ ቶሎም ያልቃል» አለኝ። «በሀገርህ የምትጠጡት ውኃ ከየት ነው?» ስለው ከጉድጓድ እንደሆነ ነገረኝ፤ የታናናሾቹ ጥርስ ቡናማ መሆኑንም ሳልጠይቀው ጨመረ። ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ሲበዛ ጥርስን ብቻ አይጎዳም፤ አጥንትንና መገጣጠሚያን አደንድኖ ሰውን ያጎብጣል።

ተማሪው ወዲያው «እንግዲያው የጉድጓዶቹን ፍሎራይድ ልለካ» አለ። እርሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ የተለካ ነው አልኩት። ለሕዝቡ ያልተመለሰው ጥያቄ ሌላ ነው። ፍሎራይድን ለማስወገድ ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ከከሰለ አጥንት የተሠራ ማጣሪያ ነው። ከሰሉ ከጊዜ በኋላ ይጠግባል፤ ከጠገበ በኋላ ውኃው ጥርት ብሎ ቢወርድም ፍሎራይዱ አብሮት ያልፋል። ዓይን አይቶ፣ ምላስ ቀምሶ አይለየውም። ታዲያ አንዲት እናት ማጣሪያዋን መቼ መለወጥ እንዳለባት በምን ታውቃለች? ይህ ባለ አንድ መሣሪያ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በጥቂት ወራት፣ በአንድ ተማሪ አቅም ሊሠራ የሚችል ጥያቄ ነው። መልሱንም የሚጠብቅ ሰው አለ።

ልጁ ጥቂት አሰበና «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ሥራ ያስቀጥረኛል ወይ?» አለኝ። ጥያቄውን አከበርኩለት። ቅጥር ቃል ልገባለት አልችልም። ነገር ግን እንዲህ ስል ጠየቅሁት፤ «የውኃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ብትሆን፣ መቶ ሰው የጻፈበትን ርዕስ የጻፈውን ትቀጥራለህ ወይስ የአንተን ችግር ከነመፍትሔው የሚያውቀውን?» ሥራ ፈላጊው በበዛበት ዘመን ወረቀቱ ሁሉም እጅ አለ። አንዱን ከሌላው የሚለየው ምን መሥራት እንደሚችል ነው። አንድን እውነተኛ ችግር ከሥር መሠረቱ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል።

ስለዚህ ርዕስ ይዞ ለሚመጣ ተማሪ ሦስት ጥያቄዎችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ መልሱን የሚጠብቀው ማን ነው? «ኅብረተሰቡ» የሚል መልስ አልቀበልም፤ ሰው ወይም ሥራ ይጠራልኝ። የጤና ጣቢያው ነርስ ናት? የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሂሳብ ሹም ነው? ሁለተኛ፣ በእጅህ ባለው ጊዜ፣ ገንዘብና መሣሪያ ይጠናቀቃል? ታላቅ ርዕስ ይዞ መሀል መንገድ ላይ መቅረት ለማንም አይጠቅምም። ሦስተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ ዛሬ የማትችለውን ምን መሥራት ትችላለህ? ሦስቱንም የሚያሟላ ርዕስ በአንድ ቀን አይገኝም። በሁለትና ሦስት ሳምንት ግን ይገኛል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ያለችው ያቺ ገጽም ቀድማ የምትጻፍ፣ እውነትም የምትሆን ያኔ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይቀርባል። «ዕውቀትን በዛሬ ጥቅም ብቻ ከለካችሁት ትገድሉታላችሁ። የሚጠቅመውን አስቀድሞ የሚያውቅ ማን ነው?» ይባላል። ተቃውሞው እውነት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1968 ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ዳኛቸው ይርጉ ብራድበሪ ከተባለ ባልደረባቸው ጋር እንሰትን የሚያጠወልግ ባክቴሪያ መኖሩን ገልጸው አሳተሙ። እንሰት ለምግብነት በሰፊው የሚመረተው በኢትዮጵያ ነውና ጉዳዩን የአንድ ሀገር ብቻ አድርጎ የሚያይ አይጠፋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን ያው ባክቴሪያ በኡጋንዳ የሙዝ እርሻዎች ላይ ታየ፤ ከዚያም ወደ ጎረቤት ሀገሮች ተዛመተ። ሙዝ የዕለት ምግባቸው የሆነ ሚሊዮኖች ሲጨነቁ ጠላታቸው ማን እንደሆነ ከ33 ዓመት በፊት ተጽፎ ተገኘ።

እኔ ከዚህ የምማረው ግን «ስለዚህ ማንኛውም ርዕስ ይሁን» የሚለውን አይደለም። ያ ጥናት ከዓመታት በኋላ የጠቀመው በመጀመሪያ ለእንሰት ገበሬው ችግር በእውነት የተሠራ ስለነበር ነው። ስሙን ለውጦ የተገለበጠ ጥናት 33 ዓመት ቢቀመጥ አይበስልም። የታሪክ፣ የቋንቋ፣ የሒሳብ ተማሪም በዚሁ ይመዘናል። በየመስጊዱና በየገዳሙ የሚያረጁትን የእጅ ጽሑፎች መዝግቦ ማቆየት ነገ ጠዋት እንጀራ አይጋግርም፤ ነገር ግን ያ ተማሪ ካልመዘገበው ማንም የማይመልሰው ነገር አለ። ጥቅም የግድ የዛሬ መሆን የለበትም። እውነተኛ ጥያቄ መሆን ግን አለበት።

የመጨረሻው ነጥብ መመለስ ነው። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ውጤቱን በሚገባቸው ቋንቋ፣ በሁለት ገጽም ቢሆን፣ መልስ ለሰጡት ሰዎች ማድረስ ለምን የምረቃው ግዴታ አይሆንም? ገበሬው ዳግመኛ መጠይቅ የያዘ ወጣት ሲያይ በሩን እንዳይዘጋ የሚያደርገው ይኸው ነው። ትምህርት ክፍሎችም በዓመት አንድ ጊዜ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን፣ የጤና ጣቢያዎችን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ጠርተው «መልስ ያጣችሁለት ጥያቄ ምንድን ነው?» ብለው ዝርዝሩን ለተማሪዎቻቸው ቢሰጡ የሚጠይቀው ወጪ የአንድ ቀን አዳራሽና ሻይ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከማይጠቅም ዕውቀት በአላህ ይጠበቁ እንደነበር ዑለሞቻችን አስተምረውናል። ይህን ትምህርት ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ግን በበሩ ላይ ትተነው እንገባለን። እናንተ ተማሪዎች፣ ርዕሳችሁን ከመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ሳይሆን ካደጋችሁበት ሠፈር ጀምራችሁ ፈልጉ። እናንተ አማካሪዎች፣ የምትፈርሙበት ርዕስ የእናንተም አማና መሆኑን አትርሱ። ያቺ ቡና ያፈላች እናት «ለእናንተው ነው» የተባለችውን አምናለች። ፊርማችን እምነቷን የሚያጸና ይሁን።