ይሄ ይበላል እንዴ?

አማርኛ ስለ ምግብ ሲናገር ትሑት ነው። «ጣመኝ» እንላለን፣ «አልጣመኝም» እንላለን። ያቺ ትንሽ «ኝ» ፍርዱን ከሳህኑ ላይ አንስታ ምላሳችን ላይ ታስቀምጠዋለች። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ተመሳሳይ ነገር ብሏል፦ ወይኑ ደስ ይላል የሚል ሰው «ለእኔ» ማለት አለበት። እኛ ግን «ለእኔ»ን ግሱ ውስጥ ጨርሰነዋል።

ችግሩ፣ ሌላም አረፍተ ነገር አለን። «ይሄ ይበላል እንዴ?» እዚህ ውስጥ «እኔ» የለም። ጥያቄ ይመስላል እንጂ ፍርድ ነው፤ ፍርዱም ምግቡ ላይ አይቆምም፣ ወደ በላተኛው ይሻገራል። ታዲያ የሰው ምግብ መጠየፍ መብት ነው ወይስ ንቀት?

ለሥራ ሥልጠና ጓንግዡ ሦስት ሳምንት ቆይቻለሁ። ሻንጣዬ ውስጥ እናቴ የሸከፈችው በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና በርበሬ ነበር። ጠዋት የሚቀርበው ጨው የሌለው ቀጭን የሩዝ ገንፎ ነው፤ የሚጠጣው ደግሞ ሙቅ ውሃ። ከአዳማ በማይተናነስ ሙቀት ሙቅ ውሃ! በሁለተኛው ሳምንት ውሃውን ለመድኩት፣ እንዲያውም ወደድኩት። ገንፎውን ግን በርበሬ እየነሰነስኩበት ነው የዘለቅኩት። አብሮኝ የሚበላ አንድ ቻይናዊ መሐንዲስ በርበሬዋን ቀመሳት፤ ፊቱ ቀላ፣ ሳቀ፣ ውሃ ጠጣ። «ይሄ ይበላል እንዴ?» የሚል ፊት ግን አላሳየኝም።

አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለአንድ ፋብሪካ የመጋዘን ሶፍትዌር ስንሠራ ያየሁት የዚሁ ግልባጭ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀውን ይህን ፓርክ የገነባው የቻይና ኩባንያ ነው፤ ማሽን ሊተክሉ ከዚያው ከቻይና የመጡ ቴክኒሺያኖችም ነበሩ። ምሳ ሰዓት ላይ ከሻንጣቸው የቃሪያ ድልህ በብልቃጥ ያወጣሉ። አንዱ ልጅ አያቸውና «እንጀራችንን ንቀው እኮ ነው» አለ።

እስቲ እናስተውል። እኔ በርበሬ ይዤ ስሄድ ናፍቆት፣ እሱ ድልህ ይዞ ሲመጣ ንቀት? ለአንድ ዓይነት ግብዓት ሁለት ውጤት የሚሰጥ ኮድ ባገኝ፣ ስሙን ብቻ አይቶ የሚፈርድ መስመር አለበት ብዬ እጠረጥራለሁ። ደግሞ ያው እኛም ለሌላው ግራ ነን፤ ጥሬ ሥጋ በአዋዜ፣ ቀናት የቦካ ሊጥ፣ ሰው አፍ ውስጥ በእጅ የሚከተት ጉርሻ።

ታዲያ ሁሉም «ባህል ነው» ተብሎ ይታለፍ? ኧረ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተ የአህያ ቄራ በነዋሪው ተቃውሞ ተዘግቶ ነበር። ያኔ ከየአፉ ሁለት ነገር ተደባልቆ ይሰማ ነበር። አንዱ «አህያማ አይበላም!» ነው። ሌላው «አህያ ካለቀች ውሃውንና እህሉን ማን ይሸከማል?» ነው። የመጀመሪያው የኔ ምላስ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ግን ለማንም ሊነገር ይችላል፤ አህያ ለሚበላውም ጭምር። አህያዋ ስትወደድ ጄሪካኑ የሚዞረው ወደ ሴቶች ጀርባ ነውና። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳዋ ሲባል ማረድ በአህጉሩ እንዲታገድ ሲወስኑም፣ የሚያስኬደው ምክንያት ይሄኛው ነው እንጂ መጠየፍ አይደለም።

ስለዚህ መለኪያዬ ቀላል ነው፦ ምክንያቴን በላተኛው ፊት ቆሜ ልነግረው እችላለሁ? ከቻልኩ ክርክር ነው፤ ልሸነፍበትም እችላለሁ። ካልቻልኩ፣ ያለኝ ማቅለሽለሽ ብቻ ከሆነ፣ «ኝ»ዋን አልጥላት። ጿሚው «አልበላም» ሲል፣ ሙስሊሙ የአሳማ ሥጋ ሲመልስ፣ ስለ ራሳቸው ነው የሚናገሩት፤ ማንንም አያዋርዱም። «አልበላም» በር መዝጋት አይደለም። እዚያው ማዕድ ላይ ተቀምጦ ሊባል ይችላል።

ሰው አገሩን ለቆ ሲሄድ ቋንቋውን ሊቀይር፣ ልብሱን ሊቀይር ይችላል፤ ምላሱ ግን ዘግይታ ነው የምትደርሰው። እስክትደርስ መጠበቅ ደግሞ የአስተናጋጅ ድርሻ ነው።